ጌታቸውን የለወጡ ሕንፃዎች

ከአገር ቤት ወይም ከባሕር ማዶ እንግዳ የመጣበት የአዲስ አበባ ሰው ከተማውን ሊያሳይ በወጣ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ረጅሙን ፎቅ ያሳየዋል፤ ስንት ደርብ እንዳለው ይነግረዋል፤ ስንት ገንዘብ እንደ ፈጀ ይገምትለታል። እንግዳውም አንጋጦ ሲያይ ቆይቶ፥ «ከተማችሁ አድጋለች» ብሎ ያመሰግንና ሁለቱም ቡና ሊጠጡ ይሄዳሉ። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የንግድ ባንክ አዲሱ ሕንፃ 209 ሜትር ቁመት እንዳለውና በ2014 ዓ.ም. እንደ ተመረቀ ማወቅ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ወዳጁን ለሌላ ሰው ሲያስተዋውቅ ቁመቱን ብቻ ተናግሮ ዝም የሚል ሰው ቢኖር ምን እንለዋለን?

ሕንፃም እንደ ሰው የሕይወት ታሪክ አለው። ማን አሠራው? ለምን አሠራው? ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ መልሱም በየመጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል። በእኔ አሳብ ግን ለዋና ከተማችን ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ጥያቄ ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም፥ ከዚያ በኋላ ለምን ዋለ? የሚለው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች ስለ ሆነች ከአክሱምና ከጎንደር ጋር ስትነጻጸር ገና ልጅ ናት። በዚህ አጭር ዕድሜዋ ግን ቤቶቿ ከአንድ ጌታ ወደ ሌላ ጌታ የተላለፉት ብዙ ጊዜ ነው። ቤተ መንግሥት የነበረው የትምህርት ቤት ሆኗል፤ ጠላት ሲኒማ ብሎ የጀመረው የእኛ ቴአትር ሆኗል፤ ወህኒ ቤት የነበረበት ሥፍራ የአፍሪካ መሪዎች መሰብሰቢያ ሆኗል። እነዚህ ሥፍራዎች ጌታ ሲለውጡ የቀድሞ ታሪካቸውን ይዘው ነው ወይስ ጥለው? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው። መንገዱ ከላይ ወደ ታች፥ ከስድስት ኪሎ እስከ ቀድሞው ከርቸሌ ነው፤ ጉልበት ያለው በእግሩ፥ የደከመው በታክሲ ሊከተለው ይችላል።

በስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው ቤተ መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከወረራው በፊት በነበሩት ዓመታት አሠርተው ተቀመጡበት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ቤቱ የወራሪው እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን የሰበሰበው በዚህ ግቢ ነው፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበትም በዚህ ግቢ ነው። ምጽዋት ሊቀበሉ ከመጡት ምስኪኖች ብዙዎቹ ከግቢው ሳይወጡ በጥይት ረገፉ፤ ከዚያም በከተማው ሁሉ ሦስት ቀን ሙሉ ግድያና ቃጠሎ ሆነ። መንግሥታችን የሞቱትን 30 ሺህ ብሎ ሲያስታውቅ ሌሎች ጸሐፊዎች ከዚያ ያነሰ ቍጥር ይሰጣሉ። ቍጥሩ ማንኛውም ቢሆን፥ ከግቢው ውጭ በአደባባዩ መካከል የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት የእነርሱ መታሰቢያ ነው።

ወደ ግቢው ገብቶ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የሚቆም ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያያል። ደረጃ ነው፤ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነገር ግን ወደ ምንም ቤት አያስገባም፥ ወደ ምንም ሰገነት አያደርስም። ያሠሩት ፋሺስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን፥ ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ከገዛባቸው ዓመታት አንዱን ይቈጥራል። የእኛን ቤተ መንግሥት ደጅ የራሳቸው ዘመን መቍጠሪያ አደረጉት ማለት ነው።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ይህን ደረጃ ከማፍረስ የሚከለክል ማንም አልነበረም። ዶማና መዶሻ የያዙ ጥቂት ሰዎች በአጭር ጊዜ ሊጨርሱት ይችሉ ነበር፤ ቢያፈርሱትም የሚፈርድባቸው አይኖርም ነበር፤ ቍስሉ ገና ትኩስ ነበርና። የተደረገው ግን ሌላ ነው። በመጨረሻው እርከን ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከዚህ በኋላ ደረጃው የሙሶሊኒን ዓመታት ይቈጥራል፤ ቈጥሮ ቈጥሮም የሚያደርሰው ከአንበሳው እግር ሥር ነው። እኔ ከከተማችን ሐውልቶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ከፍ ያለ አይደለም፥ ብዙ ገንዘብም የወጣበት አይመስልም፤ ነገር ግን ጠላትን በገዛ እጁ ሥራ ያስመሰክርበታል። ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንድ ተማሪ እዚያ ቆሞ፥ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ባልጠየቀ ነበር። ኢያሱ ከዮርዳኖስ ወንዝ መካከል 12 ድንጋይ አስወጥቶ ያቆመው ልጆች ኋላ እንዲጠይቁ ብሎ ነው። ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው የዚህን ጥበብ ዋጋ ያውቃል፤ ተማሪው ራሱ ያልጠየቀው ነገር ከጆሮው አልፎ አይገባምና።

የዚህ ቤት ታሪክ በዚህ አላበቃም። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድሙ ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ በተነሡ ጊዜ በመያዣነት የተያዙት መሳፍንትና ሚኒስትሮች በጥይት የተመቱት በዚሁ ቤተ መንግሥት፥ አረንጓዴ ሳሎን በተባለው ክፍል ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኑሯቸውን በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አድርገው ይህን ግቢ ለከፍተኛ ትምህርት ሰጡት፤ ዩኒቨርሲቲውም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ስጦታ ሲያነሡ፥ «ደም ከፈሰሰበት ቤት መሸሽ እንጂ ቸርነት አይደለም» ይላሉ። እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል ነው። በሰው ልብ ውስጥ ግን ሐዘንና ቸርነት ጎን ለጎን ሊያድሩ ይችላሉ፤ የተራበ ሰው ከቈረሱለት እንጀራ ሲበላ የሰጪውን ልብ አይመረምርም። በየዓመቱ በዚያ በር የሚገባው የገበሬ ልጅ፥ የአንጥረኛ ልጅ፥ የቄስ ልጅ ቤተ መንግሥት ገብቶ ይማራል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያ ተመሠረተ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ከመሥራቾቹ አንዱና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች በሙዚየሙ ውስጥ ተጠብቀው ይታያሉ። ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው ያንን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ሲገባ፥ አራት ዓመት በዚያው ግቢ ተምሮ አንድ ቀን እንኳ ገብቶ ሳያየው የሚመረቅ ልጅ ግን ብዙ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ ቍልቍል ሲወርዱ አራት ኪሎ ይደረሳል። የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥራው ከወረራው በፊት ተጀምሮ፥ በወረራው ተቋርጦ፥ በ1936 ዓ.ም. ተመረቀ። ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት በብዕሯ የተጋደለችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በ1953 ዓ.ም. ስታርፍ በዚህ ተቀብራለች። የንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ያለው በውስጡ ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ የደረሱት በቀጥታ መንገድ አይደለም። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በሲሚንቶ ሥር ተደብቆ ቆይቶ በ1984 ዓ.ም. ተገኘ፤ ከዚያም በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ራሳቸው አስቀድመው ባሠሩት መቃብር ከእቴጌ መነን አጠገብ ተቀመጠ። በዓታ ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ለዳግማዊ ምኒልክ መካነ መቃብር እንዲሆን ያሠሩት ነው፤ በጉልላቱ ላይ ያለው ትልቅ ዘውድ ከሩቅ ይታያል። እቴጌ ጣይቱም ንግሥት ዘውዲቱም በዚያ አርፈዋል። አባት የሠራውን ከተማ ልጅ ከላይ ሆና እንድትጠብቀው ያደረገች ይመስላል።

ከሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ያለው ታላቁ ቤተ መንግሥት ለዘመናት ሕዝቡ ቅጥሩን ብቻ እያየ የሚያልፈው ሥፍራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ከፊሉ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚ ተከፈተ። የምኒልክ የግብር አዳራሽና እንቁላል ቤት የተባለው ሰገነት አሁን ይታያሉ። ትኬቱ ለሁሉ የሚቀልል ባይሆንም፥ ደጁን መርገጥ የማይታሰብበት ግቢ ለሕዝብ መከፈቱ የሚያስመሰግን ነው። እንግዳ ይዞ የሚገባ ሰው አዳራሾቹን ካሳየ በኋላ ስለ ምድር ቤቱም ይንገረው። በ1967 ዓ.ም. የደርግ እስረኞች የሆኑት የቀድሞ መንግሥት ባለሥልጣኖች የታሰሩት በዚያ ነበር። እነርሱን ግን በዚህ መንገድ መጨረሻ ላይ እናገኛቸዋለን።

ከአራት ኪሎ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ፒያሳ ነው። ስሙ ራሱ ከወራሪው የቀረ ነው፤ በኢጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ከራሱ ቋንቋ እንደ ተወለደ ቃል አድርጎ ይጠራዋል፤ ይህም አንድ ዓይነት ድል ነው። በዚያ ያለው የመናገሻ ገነት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ባለ ስምንት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ ሲሆን፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የተገኘው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ብዙ ሰው፥ «የዓድዋ ምርኮኞች ሠሩት» ይላል። ነገሩ ሲሰማ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ ምርኮኞቹ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተደረገው የሰላም ውል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ዛሬ የምናየው ሕንፃ ደግሞ ያለቀው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ዕቅዱን የሠራው ግን በእርግጥ ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ኢጣልያዊ ነው። እኔ እንደማስበው ይህ ከተለመደው ተረት ይበልጣል። ምርኮኛ ተገድዶ ከሚሠራ ይልቅ፥ የተሸነፈው አገር ልጅ በፈቃዱ ለአሸናፊው መታሰቢያ ቢሠራ ክብሩ የበለጠ ነውና።

ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት 1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በዚያ በእልቂቱ ቀን ፋሺስቶች እሳት ለቀቁበት። የዓድዋ መታሰቢያ መሆኑን ሳያውቁ ያደረጉት አይመስለኝም። በአደባባዩ ላይ ያለውን የምኒልክን ሐውልት፥ በዘውዱ በዓል ዋዜማ የተመረቀውን፥ ከቦታው ነቅለው ሰውረውት ነበር። ከነጻነት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ፤ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ግድግዳውን በሥዕል አስጌጠው፤ ፈረሰኛው ንጉሥም ወደ ቦታው ተመለሰ። ከአደባባዩ አጠገብ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተከፍቷል፤ ሰፊና ብዙ የተደከመበት ሥራ ነው፥ ሊታይም ይገባዋል።

ይህን ካየን በኋላ ወደ ፒያሳ መንደሮች መግባት ቢኖርብንም የምናሳየው እያነሰ ነው። በምኒልክና በዘውዲቱ ዘመን የሕንድ፥ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው አንድ ዓይነት ቤት ፈጠሩ። ግርግዳው ድንጋይ ወይም ጭቃ፥ በረንዳው እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት፥ ጣራው ቆርቆሮ ነው። የሕንድ ቅርጽ በሐበሻ ጭቃ ላይ አርፎ ለከተማዪቱ የራሷ የሆነ መልክ ሰጣት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ሄዱ።

በዚህ ነገር ላይ ፍርድ ለመስጠት የሚቸኵል ሰው ሁለቱንም ወገን ይስማ። ከእነዚያ ቤቶች ውስጥ ብዙዎቹ ጣራቸው ያፈስ ነበር፤ አንድ መጸዳጃ ቤት ለስንት ቤተሰብ ነበር። ድሀ በሚያፈስ ጣራ ሥር እያደረ፥ በመኪና የሚያልፍ ሰው ስለ በረንዳው ውበት ቢቆረቆር ፍትሕ አይደለም። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን መጸዳጃ ቤት ለማስገባት በረንዳን ማፍረስ አስፈላጊ አይደለም። የሚያፈስ ጣራ ይከደናል፤ የተቦረቦረ ምሰሶ ይለወጣል። የፈረሰ ቤት ግን ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም እንደሚባለው ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ከመስቀል አደባባይ በላይ የከተማው ሙዚየም ሊሆን የበቃው ማንም ቀድሞ ስላላፈረሰው ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ገብቶበት ከፊሉ ተቃጠለ፤ እንጨቱ ያረጀ ነው፥ ቦታው ውድ ነው፥ ማፍረስ ይቀላል ተብሎ ግን አልተተወም። እንግዳን በዚያ ሰገነት ላይ አስቀምጦ ሻይ ማጠጣት ብዙ ንግግር ያድናል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቍልቍል የሚወርድ ሰው ብሔራዊ ቴአትርን ያገኛል። ኢጣልያውያን ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀምረውት ሳይጨርሱት ሄዱ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት ለውጦ ጨረሰውና በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል ተመረቀ። ጠላት መሠረቱን ቈፍሮልን ሄደ ብንል ስሕተት አይሆንም። የድል አድራጊውን ሲኒማ ሊያሳይበት ባሰበው ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲለቀስና ሲሳቅ 70 ዓመት ሆነ። በደጁ ያለውን የሞሪስ ካልካን አንበሳ አንዳንድ ሽማግሌዎች «አንበሳ አይመስልም» ይሉታል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

በጎዳናው መጨረሻ ለገሃር ነው። ጣቢያው በ1922 ዓ.ም. ተመርቆ ከጅቡቲ የሚመጣውን ባቡር ለብዙ ዘመን ተቀበለ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አደረገ። በፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በሮማ አደባባይ ሰይፉን የመዘዘው ይህን አንበሳ በጠላት ከተማ ቆሞ ባየ ጊዜ ነው። አንበሳው ከብዙ ድርድር በኋላ ተመለሰ። በአብዮቱ ዘመን የንጉሥ ምልክት ነው ተብሎ ሊነሣ ታስቦ ሳለ፥ አርበኞች የዘርዓይን ስም አንሥተው ስለ ተከራከሩ እንደ ተረፈ ይነገራል። ስለ አንድ ሐውልት ያወቀ ሽማግሌ መኖሩ እንዲህ ይጠቅማል።

ከለገሃር ወደ ምሥራቅ የመስቀል አደባባይን አልፎ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው። ሜዜዲሚ ኢጣልያዊ ነበር፤ ከወረራው ማብቂያ እስከ አዳራሹ ምረቃ ያለው ዘመን 20 ዓመት ብቻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የአፍሪካን ነጻነት ቤት የዚያ አገር ልጅ እንዲሠራው መፍቀዳቸውን ሳስብ የስድስት ኪሎው አንበሳ ትዝ ይለኛል፤ ሁለቱም የአንድ አሳብ ፍሬዎች ናቸው። በመግቢያው ላይ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስተዋት ሥዕል ጠዋት ፀሐይ ሲገባበት ማየት ያስፈልጋል። የአፍሪካን የትናንት መከራ፥ የዛሬ ትግልና የነገ ተስፋ በሦስት ክፍል ያሳያል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚህ ነው። አዳራሹ ለብዙ ዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል፤ ያደሱትም የጥንቱን መልክ ሳይለቁ ነው።

የመንገዳችን መጨረሻ ከሜክሲኮ አደባባይ በታች ያለው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። የቻይና መንግሥት በ200 ሚሊዮን ዶላር አሠርቶ በስጦታ ያበረከተው ሲሆን በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። የፎቁ ቁመት 99.9 ሜትር ነው። ይህ ቍጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ኅብረቱ እንዲቋቋም በሊቢያ ከተማ በሲርት የተወሰነበትን 9ኛ ቀን፥ 9ኛ ወር፥ 99 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1999) እንዲያስታውስ ታስቦ ነው። እንግዲህ ሠሪዎቹ ሕንፃ ነገርን ማስታወስ እንደሚችል ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንድን ቀን ለማስታወስ የፎቁን ቁመት እስከ ሜትር ክፋይ ድረስ ለክተዋል።

በዚያ ቦታ ግን ቀድሞ ከርቸሌ ነበር። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ወህኒ ማለት ነው። በውስጡ ያለውን ክፉውን እስር ቤት ሕዝቡ ዓለም በቃኝ ብሎ ጠራው። ከየካቲት 12 በኋላ ፋሺስቶች ኢትዮጵያውያንን አጉረው የገደሉት በዚያ ነው። ነጻነት ከመጣም በኋላ ወህኒነቱ አልቀረም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፥ በምኒልክ ግቢ ምድር ቤት ታስረው የነበሩት የቀድሞ ባለሥልጣኖች ወደዚያ ተወስደው ተረሸኑ፤ በዚያ ሌሊት የሞቱት ወደ 60 ይጠጋሉ፥ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮችም፥ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፥ ከመካከላቸው ነበሩ። ከዚያም በቀይ ሽብር ዘመን ስንት ልጅ በዚያ በር እንደ ገባና እናቱ ስንቅ ይዛ ስንት ቀን ከደጅ እንደ ቆመች በአዲስ አበባ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አንድ ቀን፥ ይዛ የመጣችው ምግብ «አያስፈልገውም» ተብሎ ይመለስላት ነበር፤ መርዶው ይኸው ነበር።

ይህ ወህኒ በ2007 እ.ኤ.አ. ለአዲሱ ሕንፃ ቦታ ለመልቀቅ ፈረሰ። መዘጋቱ መልካም ነበር፤ ለአፍሪካ መሰጠቱም መልካም ነበር። የመከራ ቦታ የምክር ቦታ ቢሆን ማን ይጠላል? ደግሞ፥ «ልጄ የሞተበትን ግንብ በየቀኑ ማየት አልፈልግም» ያለች እናት ብትኖር የሚመልስላት ቃል ያለው ሰው የለም። ነገር ግን ግቢው ሰፊ ነበር። አንድ ክፍል፥ አንድ በር፥ ቢያንስ አንድ ግድግዳ እንዳለ ማስቀረት አይቻልም ነበርን? እስረኞች ግድግዳ ላይ ስማቸውን ይጭራሉ፤ ይህ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ያ ጽሕፈት ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ሄደ። ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ2002 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በመስቀል አደባባይ ተከፈተ። ሙዚየሙ የተከበረ ሥራ ነው፤ ገብቶ ሳያለቅስ የሚወጣ የለም። ቢሆንም ነገሩን ስንመለከተው እውነተኛውን ቤት አፍርሰን ለመታሰቢያው ሌላ ቤት ሠራን። ኅብረቱም በግቢው ውስጥ በአፍሪካ ግፍ ለተፈጸመባቸው ሁሉ መታሰቢያ እንዲቆም አስቦ ነበር፤ አሳቡም የሚመሰገን ነው።

አባቶቻችን በ1933 ዓ.ም. ከጦር ሜዳ እንደ መጡ፥ ልብሳቸው ላይ አቧራ ሳለ፥ የጠላትን ደረጃ ትተው አንበሳ አስቀመጡበት። እኛ ግን በሰላም ዘመን፥ ኢንጂነርና የታሪክ ምሁር ሞልቶልን፥ የገዛ ልጆቻችን የሞቱበትን ግንብ ጠራርገን አነሣን። ከጠላት ግፍ ይልቅ የራሳችንን ግፍ ማየት ስለ ከበደን ይሆን? ይህን ጥያቄ ለአንባቢ እተዋለሁ።

እኔ እንግዳ ይዤ ወደዚያ ስሄድ ፎቁን ከማሳየቴ በፊት ከቅጥሩ ውጭ አቆመውና የቦታውን የቀድሞ ስም እነግረዋለሁ። ዓለም በቃኝ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እተረጉምለታለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ 99.9 ሜትሩ እነግረዋለሁ።